በሊሾው ላይ ያለፈው ባለ ሦስት እግር

ሥልጠና ወስዶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ መምህር የበለጠ ለቤተሰብ አስቸጋሪ የሆነ ፍጡር ያለ አይመስለኝም። ይህን የምለው እኔው ራሴ መምህር ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ሰው ቢለው እቀየመዋለሁ። ነጋዴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሸቀጥ ይዞ ይመጣል፣ ሸቀጡንም መደርደሪያ ላይ ደርድሮ ቁጭ ይላል። መምህር ይዞት የሚመጣው ዕውቀት ግን መደርደሪያ ላይ አርፎ አይቀመጥም። የሚሞከርበት ሰው ይፈልጋል። መጀመሪያ እጅ ላይ የሚገኙት ደግሞ እነማን ናቸው? ሚስት፣ አማትና ጎረቤት። እኔ በሦስቱም ላይ ሞክሬያለሁ። ውጤቱ ዛሬም ድረስ በረንዳዬ ላይ ደርቆ ይታያል።

የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ባዮሎጂ። አምና ነሐሴ ላይ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የአምስት ቀን ሥልጠና ተሰጠን። በሥልጠና ልማዴ የመጀመሪያውን ቀን በጥሞና እከታተላለሁ፤ ሁለተኛውን ቀን ሰው ሳልረብሽ አንቀላፋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የምስክር ወረቀቱ ይወቀው። በዚህኛው ግን አምስቱንም ቀን ዓይኔን ሳልከድን ቆየሁ። አሠልጣኛችን ቀጭን ወጣት ምሁር ነበረች። የአጥንት ሥዕል ባሳየችን ቁጥር ባለቤቱ እንዳይሰማት የምትጠነቀቅ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

እሷ እንደነገረችን፣ ታንዛኒያ ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነው ዘመን አንድ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ መሬቱን ሸፈነው። አመዱ ላይ ዝናብ ጣለበት። በዚያ ጭቃ ላይ ሰው መሰል ፍጡሮች በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው አለፉ። ከዚያ አመዱ እንደ ሲሚንቶ ደረቀና ዱካቸው እስከ ዛሬ ቀረ። ወዴት ይሄዱ እንደነበር የሚያውቅ የለም። አብረው እንደነበሩ ግን ይታወቃል፤ ኮቴያቸው ጎን ለጎን ነው፣ እንዲያውም አንዱ ሌላው በረገጠበት ላይ እየረገጠ የተከተለበት ቦታ አለ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በደረቀ ሐይቅ ዳር፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት አንድ ሰው ሕፃን ታቅፎ እየተጣደፈ አልፏል። መታቀፉ በምን ታወቀ? መንገዱ ላይ አልፎ አልፎ ትንንሽ ኮቴዎች ብቅ ይላሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይጠፋሉ። አውርዶት ነበር፣ እንደገና አነሣው ማለት ነው። ሰውየው በዚያው መንገድ ሲመለስ ግን ትንንሾቹ ኮቴዎች የሉም። ሕፃኑን የሆነ ቦታ አድርሶ መጣ። ለማን አደረሰው? አሠልጣኛችን ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈች፤ እኔ ግን ልጅ ዩኒቨርሲቲ አድርሼ ብቻዬን የተመለስኩ አባት ነኝና እዚያው መንገድ ላይ ቀረሁ።

ከሁሉም አንጀቴን የበላው ግን የአንድ ሽማግሌ ራስ ቅል ነው። ጆርጂያ ከምትባል አገር የተገኘ፣ በጣም ጥንታዊ ነው። ሽማግሌው ከአንዲት ጥርስ በቀር ጥርስ አልነበረውም፤ ጥርሶቹ ተተክለውበት የነበረው ጉድጓድ ሁሉ በአጥንት ተደፍኗል። ጉድጓዱ እንዲህ የሚደፈነው ደግሞ ባለቤቱ ጥርሱ ከረገፈ በኋላ ብዙ ከኖረ ብቻ ነው። ብረት ድስት በሌለበት፣ ሽሮ ባልታወቀበት ዘመን፣ ጥርስ የሌለውን ሰው ማን አኖረው? ሳይንቲስቶቹ ሁሉም በአንድ ቃል አይናገሩም፤ ከተስማሙማ ሥራ ይፈታሉ። አንዳንዶቹ ግን አንድ ሰው አለስልሶ፣ ምናልባትም አኝኮ ሳያጎርሰው አልቀረም ይላሉ።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አስካለ ምስር እየለቀመች ነበር። ጥርስ ስለሌለው ሽማግሌ ስነግራት ከምስሩ ቀና ሳትል፣ ያኘከችለት የልጁ ሚስት ትሆናለች፣ ልጁማ ሥልጠና ላይ ይሆናል አለችኝ።

ከአስካለ ተስፋ ስቆርጥ ወደ አባቷ ገባሁ። እዚህ ላይ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። መምሬ ገብረ ሕይወት የአንኮበር ካህን ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዳገት ላይ ያለች አንዲት ደብር አገልግለዋል። በሐምሌ ዝናብ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያለው ድንጋይ አዳለጣቸውና የቀኝ ጭን አጥንታቸው ተሰበረ። እኛ ወዳለንበት ደብረ ብርሃን አምጥተን አሳከምናቸው። ከዚያ ወዲህ የኛ ቤት ጓዳ ቤታቸው ሆነ። እሳቸው ግን ጓዳችን ውስጥ የሚኖሩት በአካል ብቻ ነው። ልባቸው አንኮበር ነው። ታኅሣሥ ላይ የደብራቸው ንግሥ አለ፤ ከተቀሰሱ ጀምሮ አንድም ዓመት ቀርተውበት አያውቁም። የዘንድሮው ካመለጠኝ እንግዲህ ዓይኔ ሳያያት ልሞት ነው ይሉ ነበር፤ እንዲህ ሲሉ ደግሞ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፣ ያ ነው የሚያስፈራው።

ጥቅምት ላይ ሐኪሙ አጥንቱ በደንብ ገጥሟል፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ ብሎ ነበር። እኛ በአክብሮት አመስግነን፣ ደግፈን ቤት አምጥተን፣ አስተኛናቸው። ምን እናድርግ? እኛ ዘንድ ታላቅን ማክበር ማለት እንዳይነሣ ማድረግ ነው። ሽማግሌ ውሃ ሊጠጣ ብድግ ሲል ካየን ሦስት ሰው ዘሎ ይነሣል፤ በሞቴ፣ እኛ እያለን! ይላል። እናም ለመምሬ ውሃው፣ ምሳው፣ ማስታጠቢያው፣ ዳዊቱ፣ ሁሉም አልጋቸው ድረስ ይመጣላቸዋል። ማታ ማታ አስካለ ሞቅ ባለ ውሃ እግራቸውን ታጥባለች። ባጠበች ቁጥር ያቺ የተሰበረች እግር እየቀጠነች መሄዷን ታያለች፣ ስታይ ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ ደግሞ የበለጠ ትደግፋቸዋለች። አንኮበር እሄዳለሁ ሲሏት፣ አባዬ፣ በእግርዎ ሲራመዱ በዓይኔ ካላየሁ አልሰድዎትም ትላለች። ሊራመዱ ሲነሡ ደግሞ ሮጣ ታስቀምጣቸዋለች። እንዲህ ያለ ሕግ በየትኛው ፍርድ ቤት ይረታል?

ከሥልጠና ወደተመለስኩበት ቀን ልመለስና፣ ለመምሬ ጥርስ ስለሌለው ሽማግሌ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። መጀመሪያ ስሙን ጠየቁኝ። አይታወቅም ስላቸው፣ እግዜር ያውቀዋል አሉ። ቀጥለው፣ ያ ሰው ጎርሶ ከጠገበ በኋላ ተነሥቶ ይሄድ ነበር ወይስ እዚያው እንደተኛ ቀረ? ብለው ጠየቁኝ። የተገኘው ራስ ቅሉ ነውና ያን አይነግረንም አልኳቸው። እንግዲያማ እግሩ ይፈለግ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ብልህ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይገባው ነበር። እኔ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ኅዳር ላይ አንድ ትልቅ ሐሳብ መጣልኝ። የመምሬ ክፍል በር በረንዳው ላይ ይከፈታል። በረንዳው ጎርባጣ ነው። ከዘመድ የተዋስነው ዊልቸር ጎርባጣው ላይ ሲሄድ መምሬን እንደሚቆላ ቡና ያንገጫግጫቸዋል። ታዲያ በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሊሾ ባስደርገውስ? ዊልቸሩ እየተንሸራተተ ይሄዳል፣ መምሬም ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አንኮበርንም ቀስ በቀስ ይረሳሉ። አስካለ ይህን ስነግራት ባገባችኝ በሃያ አራተኛ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአድናቆት አየችኝ።

ከአሊዩ አምባ የመጣው ግንበኛ ከድር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሠርቶት ሊመሽ ሲል ጨረሰ። ሊሾው እንደ መስተዋት ያብረቀርቅ ነበር። ሲሄድ ግን አስጠነቀቀኝ። በኛ ቆላ ቢሆን ሲነጋ ትሄድበት ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ሲሚንቶንም ያደነዝዛል፤ ወላሂ፣ ነገ ረፋድ ድረስ ድመት እንዳታልፍበት አለኝ። እኔም ድመታችንን ወጥ ቤት ዘግቼባት በሰላም ተኛሁ።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ሊሾውን ሳየው ክው አልኩ። በመካከሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የሰው ባዶ እግር ረግጦት ሄዷል። መሄድ ብቻ አይደለም፣ ተመልሷል። ከእግሩ ጎን ጎን ደግሞ እንደ ሳንቲም የከበቡ ጉድጓዶች ተደርድረዋል።

እውነቱን ልናገር? የተናደድኩት ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ልቤ ጮቤ ረገጠ። አምስት ቀን ሙሉ የሰው ዱካ በሥዕል ያየሁ ሰው፣ ዱካው ራሱ ቤቴ ድረስ መጣልኝ። አስካለን ጠርቼ ማንም እንዳይጠጋ አዘዝኩ። ሜትር አወጣሁ። ደብተር አወጣሁ። አንዱን ኮቴ ልለካ ሳጎነብስ ግን ሚዛኔን ሳትኩና አንድ እግሬ ሊሾው ውስጥ ገባ። እሱን ለማውጣት ሌላኛውን አስገባሁ። በድንጋጤ ዞር ስል ሁለት ጨመርኩ። ሜትሩም ከእጄ አመለጠና ሊሾው ላይ ተጋደመ። ሳይንስ መሥዋዕትነት ይጠይቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ ትንታኔዬን ለአስካለ በዝርዝር አሰማኋት። ሰውየው በባዶ እግሩ የሄደው ድምፅ እንዳያሰማ ነው። እርምጃው አጭር የሆነው እየተሹለከለከ ስለነበር ነው። የግራ እግሩ ከቀኙ ይልቅ የሰመጠው በግራ ትከሻው የሆነ ነገር ስለተሸከመ ነው። ክቡ ጉድጓድ በር መፈልቀቂያ ብረት ነው፤ እየተመረኮዘበት ሄዷል። በረንዳው ጥግ ሲደርስ ደግሞ ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ሆነው ጠለቅ ብለዋል፤ እዚያ ቆሞ የዶሮውን ቤት ሲሰልል ነበር። አስካለ ዶሮዎቹን ቆጥራ፣ አንድም አልጎደለም አለችኝ። አያችሁ? ምንም ያልወሰደ ሌባ ማለት ሊመለስ ያሰበ ሌባ ነው።

ማን ሊሆን ይችላል? ከቤተሰቡ ጀመርኩ። እኔ ጫማ አለኝ፤ ማስረጃውም ሊሾው ላይ ነው። የአስካለ እግር ትንሽ ነው። መምሬን በተጠርጣሪነት መመዝገብ እንኳ ድፍረት ሆኖ ታየኝ። ከአልጋ ወርደው የማያውቁ ሰው! ስለዚህ ከአጥሩ ወዲያ ተሻገርኩ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤታችን ጋሽ ጌታነህ ነው።

ጋሽ ጌታነህ የደብረ ሲና ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር። ረጅም ነው። እግሩ ትልቅ ነው። ከዚያም በላይ ምክንያት አለው። ሊሾ አስደርጋለሁ ስል ዝናቡ ሁሉ ወደኔ ግቢ ሊፈስ ነው ብሎ አኩርፎኝ ነበር። ቁመት፣ እግርና ቂም በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። እንደምን አደርክ ካልኩት በኋላ፣ ይቅርታ ጋሽ ጌታነህ፣ አንድ ጊዜ ጫማህን ታወልቅልኝ? አልኩት። ለዚህ ከተማ ሰው በኅዳር ጧት እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ፊቱ ደም መሰለ። ሠላሳ ዓመት በጣርማ በር ጉም ውስጥ ተሳቢ ስነዳ አንድ ፍየል ያልገጨሁ ሰው፣ አሁን ባንተ በረንዳ ላይ በባዶ እግሬ ልገኝ? ብሎ ጮኸ። ከዚያ ጫማውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ካልሲ እያወለቀ ወረወረልኝና እየተንዘፈዘፈ በአጥሩ በር ወደኛ ግቢ ገባ። እግሩን ከኮቴው አጠገብ ባየር ላይ አንጠለጠለው። በሦስት ጣት ያህል ይበልጣል።

አፈርኩ። እሱ ግን ካልሲውን መልሶ እያጠለቀ ዓይኑ ሊሾው ላይ ቀረ። ቁጭ ብሎ ብዙ ጊዜ አየው። ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ሲለቅ አየሁት።

አንተ መምህር፣ አለኝ በመጨረሻ፣ እኔ የሰው እግር አላጠናሁም፤ ጎማ ግን አውቃለሁ። ከፊቴ ያለፈ መኪና ጭነቱ ያጋደለ መሆኑን፣ ሾፌሩ የት ላይ እንደፈራ፣ የት ላይ ፍሬን እንደያዘ ከዱካው አነባለሁ። ይሄ ሰው ምንም አልተሸከመም። አንድ ጎማው የታመመበት ነው። ቀኙን ስላላመነው በግራው ይከብዳል። ሦስተኛው እግር ደግሞ ያው ምርኩዝ ነው። ሲሄድ እርምጃውን እየው፣ ስንዝር ስንዝር ነው። ሲመለስ ግን እየው። ሰፍቷል። ሌባ ሲመለስ ይሮጣል፤ ይሄ አልሮጠም። ይሄ ሰው ደስ ብሎት ነው የተመለሰው።

እኔ የሾፌር ጨዋታ ነው ብዬ ልንቀው ነበር። በዚህ መሀል ከድር ሊሾውን ውሃ ሊያጠጣ መጣ። ሲያየው ራሱን ያዘ። ከዚያ እሱም በተራው ቁጭ አለ። ሲሄድ ሲሚንቶው ለስላሳ ነበር፣ ጠልቋል፤ ሲመለስ ያዝ አድርጓል፣ ስለዚህ ጥጉ ላይ ብዙ ቆይቷል አለ። ቀጥሎም ጥጉ ላይ ያሉትን ሁለት እግሮች በጣቱ እያሳየኝ፣ መምህር፣ እንዲህ አስተካክሎ የሚቆም ሰው አይሰርቅም፣ እኛም ለሰላት ስንቆም እንዲህ ነው፤ ይሄ ሰው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ለጌታው ነው የቆመው አለኝ። ቀና ብዬ ጥጉን አየሁ። ከዚያ ጥግ፣ በጎረቤት ቆርቆሮዎች መካከል፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። እዚህ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ፣ አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።

አስካለ ፊቷን ወደ ቤት አዞረች። ወጥ ቤት ገባች። ማታ ማታ የምትይዘውን ማስታጠቢያ በጧቱ ይዛ ወጣችና ወደ አባቷ ክፍል ገባች። ተከትያት ገባሁ። መምሬ እስከ አገጫቸው ተሸፋፍነው ተኝተዋል። ዛሬ ይቅርብኝ ልጄ፣ ብርዱ አይሎብኛል አሉ። አስካለ ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ላይ ገለጠችው። በጣቶቻቸው መሀል ሲሚንቶ ደርቋል። ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለው መቋሚያ ጫፉ በሲሚንቶ ግራጫ ሆኗል።

አስካለ እግራቸውን ያዘችና ተንሰቀሰቀች። እኔም በበሩ መቃን ላይ ተደግፌ አለቀስኩ፣ ምን አሳፈረኝ። መምሬ እንደ ተያዘ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ነገሩን ተናገሩ። ከጥቅምት ጀምሮ በየማለዳው ይነሣሉ። መጀመሪያ ከግድግዳ ግድግዳ ነበር፣ በኋላ እስከ በሩ፣ በኋላ በረንዳው። ሰዓቱን የሚያውቁት በኔ ማንኮራፋት ነው፤ ያንተ ሲሰማ ሰው ሁሉ ተኝቷል ማለት ነው አሉኝ። ጥጉ ላይ ሲደርሱ ቤተ ክርስቲያኑን ከሩቅ ይሳለማሉ። ለዚያ ነው ጫማ የማያደርጉት፤ ዕድሜ ልካቸውን በጫማ ተሳልመው አያውቁም። በዚያን ቀን ከእግራቸው በታች ለስለስ ሲላቸው አልጠረጠሩም ወይ? ከድር ሲሠራ ውሎ ደረቀ መስሏቸው ነበር፤ ደግሞም ያንተ ነገር ሁሉ ለስላሳ ነው ብዬ ነው አሉኝ፤ ምስጋና ይሁን ሌላ ዛሬም አልለየሁትም።

አስካለ፣ ለምን ተደበቁኝ? ለምን አልነገሩኝም? አለቻቸው። ካየሽኝ ታስቀምጪኛለሽ አሉ። ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና የተናገሩትን አልረሳውም። አጉርሳችሁኛል፣ አጥባችሁኛል፣ ይቺን እግር እናንተ ናችሁ ያዳናችኋት፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ልጄ፣ ያዳናችኋት ልትሄድ አይደለም እንዴ?

ስለዚያ ጥርስ የለሽ ሽማግሌ ሳስብ ከርሜ፣ ሰዎች ለወደቀ ሰው ማጉረስ የጀመሩ ቀን ሰው ሆኑ ስል ነበር። የመምሬ ጥያቄ ግን ግማሹ እንደቀረብኝ አሳየኝ። ማጉረሱን እናውቅበታለን። ከዚያ እጅን ሰብሰብ አድርጎ ተነሥ ሂድ ማለቱ ነው የሚከብደን።

አስካለ በዚያው ቀን ረፋድ ላይ፣ ሊሾው ሲደርቅ፣ አባቷን፣ ይራመዱ አለቻቸው። መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። እሷ እንዳትደግፋቸው ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ነጠላዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ቆመች። እጆቿ ሁለት ጊዜ አመለጧት፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሷ መለሰቻቸው። መምሬ ጥጉ ደርሰው ሲመለሱ ከድር አልሐምዱሊላህ አለ። ጋሽ ጌታነህ እጁን እያወዛወዘ፣ ና፣ ና፣ ና፣ ቀጥ አርግ! እያለ ተሳቢ እንደሚያስገባ ረዳት ይመራቸው ነበር። ስለ ዝናቡ የነበረው ኩርፊያም በዚያው ቀረ። ከድር ዱካውን ልድፈነው ሲል አስካለ ከለከለችው። ዊልቸሩም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

ታኅሣሥ ላይ አንኮበር ወረድን። ከሚኒባሱ ወርደን የደብሩን ዳገት ስንያያዘው መምሬ ሦስት ቦታ አረፉ። እኔ ሰባት ቦታ አረፍኩ። አፋፉ ላይ ስንደርስ ታች የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። እነዚያ አጥንታቸው የተገኘው የጥንት ሰዎች በዚያ በኩል ነበሩ አይደል ያልከኝ? አሉኝ መምሬ። አዎ አልኳቸው፣ ትንፋሼን ስሰበስብ። ታዲያ በእግራቸው ነዋ አገር ለአገር የዞሩት፣ አሉና ጫማቸውን አውልቀው ወደ በሩ ሄዱ። ያን ዕለት ታቦቱ ሲወጣ ቆመው አመሰገኑ፣ መቋሚያቸውንም ከሌሎቹ እኩል ዝቅ ከፍ አደረጉ። አስካለ በእልልታዋ መሀል እጆቿን ምን እንደምታደርግባቸው አሁንም አታውቅም ነበር።

መምሬ እዚያው ቤታቸው ቀሩ። ለሐኪም ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጡ ብቻ እኛ ዘንድ ያድራሉ። በመጡ ቁጥር በረንዳው ላይ እግራቸውን ከድሮው ኮቴያቸው ጎን አድርገው እርምጃቸውን ያስተያያሉ። ሰፍቷል።

ባለፈው ሰሞን እንዲሁ ሊሾው ላይ ቁጭ ብለን ፀሐይ ስንሞቅ፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ሳይንቲስቶች ይህን በረንዳ ቆፍረው ቢያገኙት ምን ይሉ ይሆን? ብዬ መምሬን ጠየቅኳቸው። ስለሳቸው ጽናት፣ ስለ አስካለ ፍቅር አንድ ጥሩ ነገር ይናገራሉ ብዬ ደብተሬን አዘጋጅቼ ነበር። መምሬ የራሳቸውን ዱካ አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደኔ አራት የጫማ ዱካዎችና ወደ ተጋደመው የሜትር ምልክት አዞሩ። ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉኝ።

እዚህ ቦታ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይኖሩ ነበር ይላሉ። አንደኛው ዓይነት በሦስት እግሩ ሄዶ ሊደርስ ካሰበበት ደርሶ ተመልሷል። ሁለተኛው ዓይነት ጫማ መሥራትም መለኪያ መያዝም ችሎ ነበር፤ አእምሮው ግን ገና በማደግ ላይ ስለነበረ አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከር ተገኝቷል።